ነርሲንግና ኳስ አብረው አይሄዱም ተባልኩ

አሜሪካ ውስጥ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ተጫውቻለሁ። አምስት ዓመት፣ ሁለት ትምህርት ቤት፣ አንድ የተበጠሰ የጉልበት ጅማት። ቴሌቪዥን ላይ አላያችሁኝም። ያየኝ ካለም ተጠባባቂ ወንበር ላይ ፎጣ ሳውለበልብ ይሆናል። ይህን የምጽፈው ሰሞኑን ስልኬ ስለበዛ ነው። የሚደውሉት የሐበሻ እናቶች ናቸው። ኬትሊን ክላርክ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲን ማሊያ ለብሳ 3,951 ነጥብ አስቆጥራ ከጨረሰች፣ የ2024ቱን የሴቶች ኮሌጅ ፍጻሜ ከወንዶቹ ፍጻሜ የበለጠ ሰው ካየው ወዲህ ኳስ የያዘች ሴት ልጅ ያለችው ቤት ሁሉ ተስፋ አድሮበታል። ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ "የኔ ልጅ፣ ልጄ ስኮላርሽፕ ታገኝ ይሆን?"

ልታገኝ ትችላለች። እኔን የሚያሳስበኝ ካገኘች በኋላ ያለው ነው። እኔ አግኝቼ፣ የምፈልገውን ትምህርት በገዛ እጄ ለቅቄ፣ ቆይቼ ያንኑ ትምህርት በብድር ገዝቻለሁ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ዲቪ ለእማዬ ደርሷት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የገባነው በ2007 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እዚህ ቆጥሬ ስለለመድኩ)። አስር ዓመቴ ነበር። ከሽሮ ሜዳ ይዤ የመጣሁት ስፖርት ቢኖር ሰኞ ማክሰኞ ነው። ሰው ይስቅብኛል እንጂ የእግሬን ፍጥነት ያገኘሁት ከዚያ ነው። በአንድ እግር እየዘለሉ፣ መስመር ሳይረግጡ ዞሮ መመለስ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ።

ኳሱን ያስጀመረኝ አጎቴ ነው። በወጣትነቱ አራት ኪሎ ወወክማ ይጫወት ነበር። "ይሄ ጨዋታ ራሱ ወወክማ ውስጥ ነው የተፈጠረው" ሲለኝ ጉራ ይመስለኝ ነበር። እውነቱን ነው። ጄምስ ናይስሚዝ የሚባል መምህር በ1891 ማሳቹሴትስ፣ ስፕሪንግፊልድ ባለው የወወክማ ማሰልጠኛ ሁለት የኮክ ቅርጫት ሰቅሎ ጀመረው። በዓመቱ ደግሞ ሴንዳ ቤረንሰን የምትባል መምህርት ስሚዝ ኮሌጅ ውስጥ ለሴቶቹ አስተማረቻቸው። ሴቶች ከመጀመሪያውም አብረው ነበሩ ማለት ነው። ይሄን ለእማዬ ስነግራት ምንም አልመሰላትም። የእሷ ጉዳይ ቁምጣው ነበር።

ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ከቤታችን ቅርብ ነው። የሴቶቹ ቡድን በ2006 ዱክን በጭማሪ ሰዓት 78 ለ 75 አሸንፎ ዋንጫ በልቷል። ክሪስቲ ቶሊቨር ገና አንደኛ ዓመት ነበረች። ጨዋታው ሊያልቅ ስድስት ሰከንድ ሲቀረው በረጅሟ ተከላካይ አናት ላይ ባለ ሦስት ወርውራ አቻ ያደረገችው እሷ ናት። እኔ ያኔ አዲስ አበባ ነበርኩ። እዚህ ስመጣ ግን ትምህርት ቤት ወሬው ገና አልበረደም። የስፖርት አስተማሪያችን አንድ ቀን ጨዋታ ሊያሳዩን ወሰዱን። አዳራሹ ጢም ብሏል። የሞላው ለሴቶች ጨዋታ ነው። ማታ ለእማዬ "እኔም እዚያ እጫወታለሁ" አልኳት። "መጀመሪያ ሆምወርክሽን ጨርሺ" አለች።

ስለ ሃይስኩል ብዙ አልልም። ከሁሉ የሚጎዳንን አንድ ነገር ግን ልናገር። ዲቪዥን ዋን (ከፍተኛው የኮሌጅ ደረጃ) ወይም ዲቪዥን ቱ (ከሱ ቀጥሎ ያለው) ለመጫወት፣ የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ማኅበር ኤንሲኤኤ የሚቀበላቸውን 16 ዋና ዋና ኮርሶች በሃይስኩል መጨረስ ግዴታ ነው። በእነዚያ ኮርሶች አማካይ ውጤት ለዲቪዥን ዋን 2.3፣ ለዲቪዥን ቱ 2.2 ይጠየቃል። ለዲቪዥን ዋን ከ16ቱ አስሩ 12ኛ ክፍል ከመጀመሩ በፊት ማለቅ አለባቸው፤ ከአስሩ ሰባቱ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና ሳይንስ ናቸው። አዲስ የመጡ ልጆቻችን የሚገቡባቸው የጀማሪ እንግሊዝኛ ክፍሎች ግን ብዙውን ጊዜ አይቆጠሩም። ልጅቷ ሁለት ዓመት ለፍታ ኤ ታመጣለች፣ ለኤንሲኤኤ ዜሮ ነው። ስለዚህ ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ካውንስለሩ ጋ ሂዱና የትኛው ኮርስ እንደሚቆጠርላት በስም ጠይቁ። ዘጠነኛን አገር ቤት ተምራ የመጣች ከሆነች ደግሞ የዚያ ዓመት ውጤቷ ከነማኅተሙ ይፈለጋል። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ልካችሁ ቶሎ አስወጡት። መጨረሻ ሰዓት ላይ ከሪከርድ ቢሮ ወረቀት ማስወጣት ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ።

ሌላው የክረምት ቡድን ነው፣ ኤኤዩ የሚሉት። የኮሌጅ አሰልጣኞች ጁላይ ላይ ወጥተው የሚያዩት እሱን ነው። የሃይስኩል ጨዋታ ብቻ ይበቃል ብላችሁ አትቀመጡ። ወጪ አለው፤ ሆቴሉ፣ መንገዱ፣ ምዝገባው። አባዬ ታክሲ ይነዳ ነበርና ቅዳሜና እሁድ ሥራውን ትቶ እኔን ወደ ፔንስልቬንያ፣ ወደ ቨርጂኒያ ሲያመላልስ የጠፋውን ገንዘብ አስልቶ ነግሮኝ አያውቅም። እኔም አልጠየቅሁትም። ጁላይ የሐበሻው የእግር ኳስ ፌስቲቫል ወር መሆኑን ታውቃላችሁ። ዘመድ ሁሉ እዚያ ሲጨፍር እኛ ሰው የማያውቀው ጂም ውስጥ ሳንድዊች እንበላለን። ጓደኞቹ "ሴት ልጅህን አትሌት ልታደርጋት ነው?" እያሉ ይቀልዱበት ነበር። "ሯጭማ ሞልቷል" ይላቸዋል።

አሰልጣኟ ቤታችን የመጣችበትን ቀን እማዬ እስከዛሬ ታወራዋለች። ዲቪዥን ዋን ነው፤ ስሙን አልጠራም። እማዬ ቄጤማ ጎዝጉዛ፣ ቡና አፍልታ፣ ድፎ ጋግራ ጠበቀቻት። ሴትየዋ አቦል ጠጣች፣ ቶና ጠጣች፣ በረካውንም ሳትቀር ጠጣች። እማዬን የማረከቻት እዚያ ላይ ነው። "ምን መማር ትፈልጋለች?" ብላ ስትጠይቅ እማዬ ቀድማኝ "ነርስ!" አለች። እኔም የምፈልገው እሱኑ ነበር። አሰልጣኟ ሳቅ ብላ "በጣም ጥሩ፣ እንደግፋታለን" አለች። እኛ ቤት ይህ ቃል ኪዳን ነው። እሷ ዘንድ ግን ጨዋታ ማሳመሪያ ነበር። ማንም ወረቀት ላይ አልጻፈውም።

በ2015 ገባሁ። የሴቶች ኮሌጅ ጨዋታ በሁለት አጋማሽ መጫወት ቀርቶ አራት የአስር ደቂቃ ሩብ የሆነው በዚያው ዓመት ነው። በሁለተኛው ሳምንት የአትሌቶች የትምህርት አማካሪ አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ የልምምድ ፕሮግራማችንና የነርሲንጉ ፕሮግራም ጎን ለጎን ተዘርግተዋል። ነርሲንግ ውስጥ ክሊኒካል የሚባል አለ፤ ሆስፒታል ሄደሽ ሙሉ ቀን የምትሠሪው። ከልምምድ ጋር ይጋጫል። "ነርሲንግና ኳስ አብረው አይሄዱም" አለኝ። "ኮሚዩኒኬሽን ብትወስጂ ይሻልሻል።" አስራ ስምንት ዓመቴ ነው። ትልቅ ሰው እንዲህ ሲለኝ እሺ ማለት ነው ያስተማሩኝ። እሺ አልኩ። ለእማዬ ግን አልነገርኳትም። ዓመቱን ሙሉ "ነርሲንጉ እንዴት ነው?" ስትለኝ "ደህና ነው" እላለሁ።

ያኔ ያላወቅሁት ሕግ አለ። ዲቪዥን ዋን ውስጥ ሦስተኛ ዓመት ስትገቢ የዲግሪሽን 40 በመቶ፣ አራተኛ ዓመት ስትገቢ 60 በመቶ፣ አምስተኛ ስትገቢ 80 በመቶ ጨርሰሽ መገኘት አለብሽ። ካልሆነ አትጫወቺም። ሲያዩት ጥሩ ሕግ ነው፤ ተማሪ እንዳይንጓለል የወጣ ነው። ግን አንዴ የማትፈልጊው ዘርፍ ውስጥ ከገባሽ መውጫው ይጠባል። በየሴሚስተሩ ወደ ነርሲንግ ልመለስ ባልኩ ቁጥር የቆጠርኩት ክሬዲት ይወድቅና መቶኛው ይጎድላል። እሺ ያልኩባት ያቺ ከሰዓት በኋላ ናት የበላችኝ።

ቀኑ ምን እንደሚመስል ልንገርሽ፣ ገና ለምትገቢው። አስራ ሁለት ሰዓት ንጋት ላይ ክብደት። ከሦስት ሰዓት ክፍል። ሰባት ሰዓት ላይ ቁርጭምጭሚት መታሸግ። ከስምንት እስከ አስራ አንድ ልምምድ። እራት፣ የጨዋታ ቪዲዮ፣ የጥናት አዳራሽ። ሕጉ በሲዝን ጊዜ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ እንዳያሠሩሽ፣ በሳምንት አንድ ቀንም እንዲያሳርፉሽ ያዛል። ግን ጉዞው አይቆጠርም። ሕክምናው አይቆጠርም። የጨዋታ ቀን፣ ጠዋት ወጥተሽ ሌሊት ብትመለሺም፣ ሦስት ሰዓት ተብሎ ነው የሚመዘገበው። "በፈቃድሽ" የሚባል ልምምድ ደግሞ አለ፤ የቀረች ግን ትታወቃለች።

ከዚያ ጾሙ አለ። ይህን ማንም አይጽፈውምና ረዘም ላድርገው። ሲዝኑ ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ይከፈታል። ወዲያው ጾመ ነቢያት ይገባል፣ እስከ ገና። ጃንዋሪ ላይ ትንሽ ትተነፍሺና የውድድሩ ዋና ሰዓት ሲመጣ ሁዳዴ ይመጣል። ማለት ሲዝኑ ግማሹ ጾም ነው። የመጀመሪያው ዓመት እንደ እማዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳልቀምስ ልጹም ብዬ ልምምድ ላይ ዓይኔ ጨለመብኝ። ግድግዳ ይዤ ቆምኩ። የቡድኑ ወጌሻ (እዚህ አትሌቲክ ትሬነር ይሏቸዋል) ምን እንደበላሁ ስትጠይቀኝ መዋሸት አቃተኝ። የንስሐ አባቴ ጋ ደወልኩ። ይቆጡኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። "ልጄ፣ ሰዓቱን ከአቅምሽ ጋር አድርጊው፤ ከሥጋና ከወተት ከተከለከልሽ በቂ ነው" አሉኝ። የእናንተ አባት ሌላ ሊሉ ይችላሉ፣ ጠይቁ። ከዚያ በኋላ ከቡድኑ የምግብ ባለሙያ ጋር ቁጭ ብለን ጻፍነው። ምስር፣ ሽሮ፣ ሽምብራ፣ ኦቾሎኒ ቅቤ፣ የአኩሪ አተር ወተት፣ ብዙ ሩዝ። እማዬ ሽሮውን በኪሎ ትልካለች፣ እኔ በዶርም ማይክሮዌቭ አበስላለሁ። ማይክሮዌቩ አሁንም በርበሬ በርበሬ ሳይል አይቀርም። ልጃችሁ የምትጾም ከሆነች ይህን አሰልጣኟ በፈረመችበት ሳምንት ትወቀው። እኔ ደብቄ ስውተረተር ሰነፍ ተብያለሁ።

በአንደኛው ዓመት መጨረሻ ያመጣችኝ አሰልጣኝ ሌላ ትምህርት ቤት የተሻለ ሥራ አገኘችና ሄደች። ለቡድኑ በሙሉ በአንድ የስልክ መልእክት ነው የተሰናበተችው። በረካ የጠጣች ሴት! እማዬ ለረጅም ጊዜ አላመነችም። አዲሷ የራሷን ልጆች ማምጣት ትፈልጋለች። አልፈርድባትም፣ ሥራዋ ነው። ግን ይህ በየዓመቱ በብዙ ትምህርት ቤት የሚሆን ነገር ነው። አሰልጣኝ አይተሽ ብቻ ትምህርት ቤት አትምረጪ። አሰልጣኟ ነገ ብትሄድ እዚህ መማር እፈልጋለሁ ወይ ብለሽ ራስሽን ጠይቂ።

ዲሴምበር 2016 ላይ፣ የሲዝኑ ስድስተኛ ጨዋታዬ፣ ማንም ሳይነካኝ ወደቅሁ። ኳስ ቀምቼ ወደ ፊት ሮጥኩ፣ ቆም ብዬ አቅጣጫ ልቀይር ግራ እግሬን ተከልኩ። ጉልበቴ ወደ ውስጥ ታጠፈ። "ቋ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። አጠገቤ የነበረችው የተቃራኒ ቡድን ልጅም ሰምታዋለች፤ አፏን በሁለት እጇ ስትይዝ አየኋት። ሕመሙ ከጠበቅሁት ያነሰ ነበር። የገረመኝ ስነሳ ጉልበቴ የእኔ አለመሆኑ ነው። እንደ ላላ መሳቢያ ይንሸራተታል። ኤሲኤል የሚሉት የጉልበት ጅማት ተበጥሷል። ሴት ተጫዋቾች ይህን ጅማት ከወንዶች በብዙ እጥፍ ይበጥሳሉ። የበጠስነውም ብዙዎቻችን እንደኔ ሰው ሳይነካን፣ ስናርፍ ወይም ስንታጠፍ ነው።

እማዬ ያንኑ ሌሊት መጣች። በጆንያ ጨርቅ የጠቀለለችው የሞቀ ነገር ይዛለች፤ ምን እንደሆነ እስካሁን አልነገረችኝም። "ቀዶ ጥገና የምን? ቨርጂኒያ አንድ ጥሩ ወጌሻ አሉ፣ አገር ቤት ስንቱን ያዳኑ" አለች። ዶክተሩ የጉልበት ሞዴል አውጥቶ፣ የተበጠሰው ጅማት በመታሸት እንደማይገጥም፣ ከጉልበቴ ሎሚ በታች ካለው ጅማት ቆርጦ አዲስ እንደሚሠራልኝ አሳያት። ሞዴሉን ተቀብላው አገላብጣ አየችው። "እሺ፤ ግን ጠበል ይቅደም" አለች። ቀደመ።

ማገገሙ ዘጠኝ ወር ፈጀ። ስለ ሕመሙ የሚያወራ ሞልቷል፤ እኔ ስለ ፖስታው ላውራ። ብዙ ትምህርት ቤቶች የሚያቀርቡት ኢንሹራንስ ሁለተኛ ከፋይ ነው። መጀመሪያ የወላጆችሽ ኢንሹራንስ ይጠየቃል፣ የቀረውን የእነሱ ይሸፍናል። እኛ ይህን ማን ነግሮን? ቤት ፖስታ ይጎርፍ ጀመር። እማዬ ቁጥሩን አይታ ደነገጠች። ለአባዬ ሳታሳይ ረከቦቱ ሥር ደበቀችው። ለክረምት እረፍት ስመጣ አስራ አንድ ፖስታ አወጣች። አብዛኛው ላይ "ይህ ቢል አይደለም" የሚል በትልቁ ተጽፏል። የእውነት ቢል የነበሩት ሁለት ናቸው፣ ትምህርት ቤቱ ከፈላቸው። ሴትየዋ ግን ሦስት ወር እንቅልፍ አጥታለች። ከመፈረማችሁ በፊት "ልጄ ብትጎዳ ማነው የሚከፍለው፣ እስከ መቼ?" ብላችሁ በጽሑፍ ተቀበሉ። ዛሬ ዲቪዥን ዋን ትምህርት ቤቶች ልጅቷ ከወጣች በኋላም ቢያንስ ለሁለት ዓመት በጨዋታ የደረሰባትን ጉዳት የማሳከም ግዴታ አለባቸው። ከኦገስት 2024 ጀምሮ ነው። እኔ አልደረስኩበትም።

ገና በክራንች ሳለሁ አዲሷ አሰልጣኝ ጠራችኝ። "ለአንቺ የሚሆን ደቂቃ የሚኖረኝ አይመስለኝም" አለች። በለሰለሰ ድምፅ ነው። የኔ ስኮላርሽፕ የአንድ ዓመት ነበር፣ በየዓመቱ የሚታደስ። የአራት ዓመት መስሎን ነበር የፈረምነው! ወረቀቱ ላይ ቀኑ ተጽፏል፤ ያነበበው የለም። ላለማደስ ከፈለጉ እስከ ጁላይ 1 በጽሑፍ ማሳወቅ፣ አንቺም ይግባኝ የመጠየቅ መብት እንዳለሽ መንገር ነበረባቸው። ደብዳቤው መጣ፣ ስለ ይግባኙም አለበት፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ። እኔ የመጀመሪያውን ገጽ አንብቤ አለቀስኩና አጠፍኩት። ሁለተኛውን ያነበብኩት ከዓመት በኋላ ዕቃ ሳስተካክል ነው።

ያኔ ለመዛወር ከሌላ አሰልጣኝ ጋር ለመነጋገር የትምህርት ቤትሽ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። የዛሬ ልጆች ከ2018 ጀምሮ የዝውውር ፖርታል፣ ማለትም መዛወር የሚፈልጉ የሚመዘገቡበት ዝርዝር አላቸው፤ ስማቸውን ያስገባሉ፣ አለቀ። ቀላል ሆኗል። ግን ስሙን አስገብቶ የሚወስደው ያጣም አለ። የሚወስድሽ ሳይኖር የያዝሽውን አትልቀቂ።

ወደ ዲቪዥን ቱ ወረድኩ። "ወረድኩ" የሚለው ቃል ያኔ ያንገበግበኝ ነበር። ዲቪዥን ቱ ውስጥ አሰልጣኙ በአስር ሙሉ ስኮላርሽፕ የሚሆን ገንዘብ ይይዝና ለቡድኑ ይቆራርሰዋል። እኔ ግማሽ ያህል ደረሰኝ፣ የቀረውን በውጤቴና በፌዴራል እርዳታ ሞላሁት። ዲቪዥን ስሪ ደግሞ በስፖርት ስም ምንም አይሰጡም፣ በውጤትና በቤተሰብ ገቢ ግን ይሰጣሉ። አይቪ ሊግ የሚባሉት፣ እነ ሃርቫርድ ያሉበት ትምህርት ቤቶችም እንደዚያው። ታክሲ የሚነዳ አባትና ጥሩ ውጤት ያላት ልጅ አንዳንዴ "ስኮላርሽፕ የለም" በሚባለው ትምህርት ቤት ከዲቪዥን ቱ ያነሰ ትከፍላለች። ስም አይታችሁ አትናቁ። የመጨረሻውን ቁጥር አስቀምጡና አወዳድሩ።

የተጎዳሁበት ዓመት ተመለሰልኝ። ጉዳቱ በሲዝኑ የመጀመሪያ አጋማሽ ከደረሰና ከጨዋታዎቹ ከ30 በመቶ በላይ ካልተጫወትሽ እንዳልተጫወትሽ እንዲቆጠር ማመልከት ይቻላል። ስድስት ጨዋታ ስለነበር አለፈልኝ። እናም ሦስት ሲዝን እንደገና ተጫወትኩ። ፖይንት ጋርድ ሆኜ፣ ጉልበቴ ላይ ጥቁር ብረት ታስሮ። እነዚያን ሦስት ዓመታት ወድጃቸዋለሁ። አንዴ ጃንዋሪ 7 ቀን፣ የገና ዕለት ጨዋታ ነበረን። እማዬና አክስቴ በድስት ዶሮ ወጥ፣ በመሶብ እንጀራ ጭነው ሁለት ሰዓት ነድተው መጡ። ቡድኑ በሙሉ አውቶብሱ ውስጥ እጁን በርበሬ አድርጎ በላ። ከአዮዋ የመጣችው የእኛ ረጅም ሴንተር አምስት እንቁላል በልታለች። አክስቴ "ይቺ ልጅ ቤት የላትም እንዴ?" ትላለች።

የመጨረሻዬ 2020 ነበር። ለዲቪዥን ቱው ብሔራዊ ውድድር አልፈን ሆቴል ገብተናል። ማርች 12 ነው። እራት ላይ እያለን ረዳት አሰልጣኛችን ስልኳን አየች፣ ከዚያ ሹካዋን አስቀመጠች። በኮቪድ ምክንያት ሁሉም ተሰርዟል። ጫማዬን ሳላስር አለቀ። በኋላ ለስፕሪንግ ስፖርተኞች ተጨማሪ ዓመት ተሰጣቸው። ለእኛ አልተሰጠንም፣ "ሲዝናችሁን ጨርሳችኋል" ተባልን። ይሄ እስከዛሬ ይቆጨኛል፣ አልዋሽም።

በወሩ የደብሊውኤንቢኤ ድራፍት (የሴቶቹ የፕሮፌሽናል ሊግ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾች የሚመርጡበት) ነበር፣ ተጫዋቾቹ ከየቤታቸው በቪዲዮ። ሳብሪና ዮኔስኩ አንደኛ ወጣች፣ ለኒውዮርክ። እኔና አባዬ ሶፋ ላይ ሆነን አየን። በጠቅላላው የተጠሩት 36 ልጆች ናቸው። ዲቪዥን ዋን ብቻ ከ340 በላይ የሴቶች ቡድን አለ። አባዬ ሒሳብ ይወዳል፤ ዝም ብሎ ቆየና "ታክሲ ይሻላል" አለ።

አሁን ገንዘብም መጥቷል። ከጁላይ 2021 ጀምሮ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ማስታወቂያ መሥራት ይችላሉ። በ2025 ደግሞ ትምህርት ቤቶች ራሳቸው እንዲከፍሉ ፍርድ ቤት አጽድቋል። ከአገር ቤት በተማሪ ቪዛ የምትመጣ ልጅ ግን ተጠንቀቂ። አሜሪካ ምድር ላይ ሠርቶ ገንዘብ መቀበል ቪዛሽን ሊያበላሽ ይችላል። የቡድን ጓደኛሽ ተቀበለች ብለሽ አትቀበዪ፣ መጀመሪያ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አናግሪ።

እኔ የተመረቅሁት ኪንሲዮሎጂ በሚሉት፣ በሰውነት እንቅስቃሴ ትምህርት ነው። ኮሚዩኒኬሽኑን ስዛወር አራግፌዋለሁ፤ ነርሲንጉ ግን ክሬዲቴ አልበቃ ብሎኝ አመለጠኝ። ዲግሪ ላላቸው የሚሰጥ የተፋጠነ የነርሲንግ ፕሮግራም ገባሁ፣ 16 ወር። ስኮላርሽፕ ሊከፍልልኝ ይችል የነበረውን በብድር ከፈልኩት። ገና እየከፈልኩ ነው። አሁን ማታ ማታ ሆስፒታል እሠራለሁ። ቅዳሜ ደግሞ ሰፈራችን ጂም ውስጥ ለሴት ልጆች ማረፍ አስተምራለሁ። አዎ፣ ማረፍ። ከሳጥን ላይ ዘለው ሲወርዱ ጉልበታቸው ወደ ውስጥ እንዳይገባ። ይሰለቻቸዋል፣ መወርወር ነው የሚፈልጉት። አስራ አምስት ደቂቃ ካልዘለሉ ኳስ አልሰጥም።

ከእነሱ አንዷ፣ አስራ አንደኛ ክፍል ናት፣ ባለፈው ኮሌጅ ልትጎበኝ ሄዳ ነበር። ነርሲንግ ትፈልጋለች። ከመሄዷ በፊት ጥያቄዎቹን አስያዝኳት። ስኮላርሽፑ የስንት ዓመት ነው፣ የት ገጽ ላይ ተጽፏል? ሰመር ስማር ትከፍላላችሁ? አምና ስንት ልጅ ለቀቀች? አሁን ቡድናችሁ ውስጥ ነርሲንግ የምትማር ማን ናት፣ ስልኳን ስጡኝ። የመጨረሻዋን ከአሰልጣኟም ከተጫዋቾቹም ለየብቻ ጠይቂ አልኳት። ማታ ደወለች።

"አሰልጣኟን የነርሲንጉን ስጠይቃት 'በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው' አለችና ስለ አዲሱ ጂም ማውራት ጀመረች።"

"ታዲያ ምን አልሻት?"

"እንደገና ጠየቅኳታ!"